ሰዓቱ ትክክል ነው

ማርቆስ ሲደውል የአንድ ቴሌቪዥን ሆድ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግፎ ነበር። «ጋሼ፣ ብዙነሽ አርፋለች» አለኝ። እዚህ ጆሃንስበርግ የአገር ልጅ ሞተ ሲባል ሁላችንም አስቀድመን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። እኔም ጠየቅኩ።

«ጥይት ነው?»

«አይደለም ጋሼ፤ ልቧ ነው። እንደተኛች ቀረች።»

ስልኩን ዘጋሁና ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለስኩ። አላለቀስኩም። የሚያለቅስላት ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ማን እንደነበረች አስተካክሎ መናገር የሚችል ግን ከእኔ በቀር የለም። ጉራ ነው የሚል ካለ፣ አዎ ጉራ ነው፤ የምጎርረው ግን በያዝኩት ነው።

ስሜ ሙላቱ ነው። ከተማው መሃል፣ ጄፒ አካባቢ የሚነግደው የአገር ልጅ ሁሉ «ጋሽ ሽቦ» ይለኛል። ማንም አላስተማረኝም። ናዝሬት ሬዲዮ መፍታትና መግጠም የጀመርኩት ፂሜ ሳይወጣ ነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ቴሌቪዥን አወቅኩ። ኮምፒውተር ሲመጣ «አሁንስ ዕድሜህ ሄዷል» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ያንን እያወሩ እኔ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ኮምፒውተርንም አወቅኩ። ሱቄ ባለበት ሕንፃ ውስጥ በእኔ እጅ ያልተነሣ ማሽን ካለ፣ ሲሠራም የሞተ ነበር ማለት ነው። አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ የሱቄ በር ላይም ጽፌዋለሁ፦ ያልተበላሸ ነገር አልጠግንም። ሰው ስልኩን ይዞ መጥቶ «ትንሽ ፈጣን አድርግልኝ» ሲለኝ መልሼ እሰደዋለሁ።

ብዙነሽን ያወቅኳት በውሃ በሞተ ላፕቶፕ ነው። የወንድሟን የማርቆስን ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ከከተማው ወጣ ባለችው ቴምቢሳ ውስጥ ትይዝ ነበር። መብራት ጠፍቶ የፍሪጁ በረዶ ቀልጦ ላፕቶፑ ላይ ፈስሶበታል። በሩዝ ጆንያ ጠቅልላ፣ ታክሲ ውስጥ ሕፃን እንደያዘ ሰው አቅፋ አመጣችው። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ በበጋም ወፍራም ጃኬት የማታወልቅ ሴት ነበረች። ደረጃዬን ወጥታ እስክትጨርስ ትንፋሿ ከእሷ ቀድሞ ይሰማል። አማርኛውን የተማረችው ሆሳዕና ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ቀስ ብላ፣ ቃሉን መርጣ ትናገራለች።

በዚያች ሰዓት አንዲት ደንበኛዬ ሬዲዮዋን ልትወስድ ከአሌክሳንድራ ሰፈር መጥታ ነበር። ግድግዳዬን አየችና «ባባ፣ ሰዓትህ ሞቷል» አለችኝ።

«አልሞተም» አልኳት።

«ስድስት ይላል እኮ! አሁን እኩለ ቀን ነው።»

«እኔ አገር እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ነው።»

ሴትዮዋ ራሷን እየነቀነቀች ወጣች። የእኛ ሰው እዚህ ስልኩ በፈረንጅ ይቆጥርለታል፣ አፉ በአገሩ ይቆጥራል፤ በሁለቱ መካከል ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል። እኔ መደመሩ ሰለቸኝ። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሰዓት ይህን አገር ከረገጥኩ ቀን ጀምሮ በአገሬ አቆጣጠር ነው የማስኬደው። ያልገባው ይጠይቅ።

ብዙነሽ ሰዓቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሰዓቱን አየች። ከዚያ ሣቀች። «ጋሼ፣ ያንን ሰውዬ ያውቁታል ማለት ነው» አለችኝ።

«የቱን ሰውዬ?»

«ላፕቶፑን ያስነሡልኝና አሳይዎታለሁ።»

አስነሣሁላት። ሌላ ሰው ይጥለው ነበር።

ያሳየችኝ ጌም ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ስመልሰው «የጨው በር» ይሆናል። ሁለት እህትማማቾች ቤታቸው ተቀምጠው፣ ትልቅ ኩባንያ ሳይኖራቸው የሠሩት ነው፤ ዓለም ግን አብዶለታል። ተጫዋቹ አንድ መንገደኛ ይሆናል። ከከተማ ከተማ ይሄዳል፣ ይዋጋል፣ ይነግዳል፣ ከሰው ጋር ያወራል። መንገዱ ላይ አንዲት የድንበር ከተማ አለች። እዚያ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጦ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አለ። ከራሱ በላይ የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ሰዓቱ ከከተማው ደወል ጋር በስድስት ሰዓት ይለያያል። ለምን እንደሆነ ጌሙ ውስጥ አንድም ሰው አይናገርም። ተጫዋቾቹ «እብዱ ባለሱቅ» ይሉታል። ሲፈልጉ ይሰድቡታል፣ ሲፈልጉ ገድለው ዕቃውን ይዘርፉታል።

«አበደ ይሉታል» አለችኝ ብዙነሽ፣ ጣቷን የሰውዬው ሰዓት ላይ አድርጋ። «ይኼ ሰውዬ የእኛ ሰው ነው።»

ቀረብ ብዬ አየሁ። ደወሉ አሥራ ሁለት፣ የሽማግሌው ሰዓት ስድስት። ሌላ ማስረጃ አልፈለግኩም።

«ከየት መጣ? ማን ፍርግርግ ውስጥ አስገባው? ማንም አልጠየቀም» አለች። «እኔ እሠራዋለሁ። ከታሪኩ በፊት ያለውን።»

እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ጌም የሚወዱ ሰዎች ከወደዱት ጌም በፊት የሆነውን ወይም በኋላ የሚሆነውን ራሳቸው ሠርተው በነፃ ለሌላው ይሰጣሉ። ማንም አያዛቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። እሷም ኮዱን ከኢንተርኔት እየለቀመች ብቻዋን ተምራለች። አንድ ሰው ብቻውን መማሩን ስሰማ ወንበር አስጠጋለሁ። ለእሷም አስጠጋሁ።

ሥራዋን ያየ ሰው አይረሳውም። ላፕቶፑን ባዶ የዳቦ ሣጥን ላይ አስቀምጣ፣ ከመሸጫዋ ቀዳዳ አጠገብ ትሥላለች። ከውጭ «ሾፕ!» ሲሉ ትነሣለች፣ ሳሙና ትሰጣለች፣ ተመልሳ የጀመረችውን መስመር ትጨርሳለች። የስፓዛ ፍርግርግ ጠባብ ነው፤ ደንበኛው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ብዙነሽ ሰውን በእጁ ነበር የምታውቀው። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ አንድ እጅ ገባ፤ ከኋላው ያለውን ሰው ሳታይ በዙሉ ቋንቋ ሰላምታ ሰጥታ «ልጅሽ ተሻላት?» አለች። እጁ ተወዛወዘ፤ ከውጭ «ኦ፣ ማይ ፍሬንድ!» የሚል ሣቅ መጣ። ጌሟ ውስጥም ሰው ሁሉ አስቀድሞ በእጁ ይመጣል። ፊቱን የምታየው ስታምነው ብቻ ነው።

ባትሪውን የሠራሁላት እኔ ነኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዋ እንዳይቆም የድሮ የመኪና ባትሪና የራሴን ሽቦ አገናኝቼ ሰጠኋት። ሰፈሩ ጨልሞ የእሷ መስኮት ብቻ ሰማያዊ ያበራ ነበር። ያለ እኔ ባትሪ ያ ጌም ዛሬም አያልቅም ነበር፤ ይህን የሚክድ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ግትር ነበረች። ግትርነቷ ግን ድምፅ የለውም። የማይሆን ነገር ስትነግራት በትሕትና ታዳምጥሃለች፤ ከዚያ «እሺ፤ ግን አይሆንም» ትላለች። በዚያ «እሺ» የተታለለ ብዙ ሰው ነው። ማርቆስ «ትልቅ ሴት ነሽ፤ ይኼን መጫወቻ ተዪና ሱቁን ያዢ» ይላታል። እሺ፤ ግን አይሆንም። ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ስለነበር ሐኪሙ ብዙ አትቀመጪ፣ ብዙ አትሥሪ ይላታል። እሺ፤ ግን አይሆንም። እኔ ራሴ «ሽማግሌውን ትንሽ ቁመት ጨምሪለት፣ ትከሻውንም ሰፋ አድርጊው፤ ሰዎች በእኔ አምሳል መሠራቱን ሲያውቁ አፍራለሁ» ብያት ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎን እኮ አይደለም የሠራሁት» አለችኝ።

«ታዲያ ማንን ነው?»

«ሰዓትዎን።»

እሺ አልኩ።

የውጭ አገር ሰዎች ሱቆች ይዘጉ የሚሉ ሰዎች ቴምቢሳ የገቡ ዕለት ማርቆስ በስልክ «በጓሮ ውጪ፣ ሁሉንም ተዪው» እያለ ሲለምናት፣ እሷ የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ቆልፋ ሥዕሏን ቀጠለች። ይህን ያጫወቱኝ ጎጎ ታንዲ ናቸው፤ የግቢው ባለቤት፣ ሱቁን ያከራዩዋቸው አሮጊት፤ ጎጎ እዚህ አያት ማለት ነው። ሰዎቹ ሲመጡ ጎጎ ታንዲ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ጎትተው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ የጀመሩትን ሹራብ ይዘው።

«ጎጎ፣ ተነሺ» አላቸው ከፊት ያለው።

«ጉልበቴን ያመኛል» አሉት።

«ጎጎ፣ ካንቺ ጋር ጠብ የለንም።»

«እኔ ግን ካንተ ጋር አለኝ። እናትህ እዚህ ዳቦ በዱቤ ስትወስድ የት ነበርክ? አሁን ልታነሣኝ ከፈለግክ ሰው ጨምር፤ ከባድ ነኝ።»

ከኋላ ያሉት ሣቁ። የሣቀ ሰው ደግሞ በር ለመስበር አይመቸውም። ቆርቆሮውን በድንጋይ ደብድበው ሄዱ። በማግሥቱ ባትሪውን ለማየት ስሄድ ብዙነሽ አንዲት ሴት ሥላ ጨርሳለች፤ በር ላይ ተቀምጣ ሹራብ የምትሠራ። ጌሙ ውስጥ ይህችን ሴት በሰይፍም በእሳትም በገንዘብም ማንሣት አይቻልም። ጌሙ ከወጣ በኋላ ተጫዋቾች ከየአገሩ «እሷን የሚያነሣት ምንድን ነው?» ብለው ይጽፉላት ነበር። መልሷ አንድ ነበር፦ «አትነሣም።»

ታሪኩ ይህ ነው። ሽማግሌው ገና ወጣት ሆኖ ከአገሩ ይወጣል። ከዕቃው ሁሉ አንድ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ይዟል። ድንበር ባቋረጠ ቁጥር «ሰዓትህን አስተካክል፣ በቀላሉ እናሳልፍሃለን» ይሉታል። ተጫዋቹ እሺ የሚለውን መጫን ይችላል፤ ወጣቱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ እሺ ይላል፤ ሰዓቱን ግን አይነካውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ያለው የጌሙ ሰዓትም በአገራችን ነው የሚቆጥረው፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ይላል። መጨረሻ ላይ ያቺ የድንበር ከተማ ይደርሳል፣ ፍርግርጉን በገዛ እጁ ይገጥማል፣ ሰዓቱን ይሰቅላል። ጌሙ እዚያ ያልቃል፤ የእህትማማቾቹ ጌም ከዚያ ይጀምራል።

ለቀቀችው። ሰው መጫወት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የ«የጨው በር» አፍቃሪዎች የሚሰበሰቡበት ትልቁ የኢንተርኔት ገጽ እንዲህ ሲል ጻፈላት፦ ሥራሽ ድንቅ ነው፣ በመጀመሪያው ገጻችን ላይ ልናወጣው እንፈልጋለን፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ያየዋል፤ አንድ ስሕተት ብቻ አለ፤ የጌሙ ሰዓት ተበላሽቷል፤ አስተካክዪና ላኪልን። ይባስ ብሎ ከእህትማማቾቹ አንዷ፣ ያ የሽማግሌው ሰዓት ምንም ትርጉም እንደሌለው፣ ሲሥሉት ሳያስቡበት ያስቀመጡት መሆኑን እዚያው ገጽ ላይ ተናገረች።

ይህን ያነበብነው እኔ ሱቅ ውስጥ ነው። ማርቆስም ነበር። «በቃ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ስሕተት ነው ካሉ አለቀ» አለ። «አንድ ቁጥር ነው። ቀይሪና ስምሽ ይውጣ።»

ብዙነሽ ጃኬቷን ሰብሰብ አደረገች። ያ ገጽ ላይ መውጣት ምኞቷ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ሥራዬን እንዲያዩት ብቻ ነው የምፈልገው ብላኝ ታውቃለች።

«እነሱ ሣሉት» አለች በመጨረሻ። «ማን እንደሆነ ግን አልጠየቁትም። እኔ ጠይቄዋለሁ።»

«እሺ፣ የሰውዬው ሰዓት እንዳለ ይሁን» አለ ማርቆስ። «የስክሪኑን ብቻ።»

«ማርቆስ፣ በእነሱ ጌም አንተ መንገደኛ ነህ። መንገደኛ ሆነህ ስታየው የእሱ ሰዓት ስሕተት ይመስልሃል። በእኔ ጌም አንተ እሱ ነህ። እሱን ከሆንክ በኋላ የማን ሰዓት ነው ስሕተቱ?»

ማርቆስ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይምከሯት።»

«የሱቄ በር ላይ የተጻፈውን አንብብ» አልኩት።

«እሺ፤ ግን አይሆንም» ብላ ጻፈችላቸው፤ በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና። መልሳቸው ሳይመጣ ሞተች።

ለቅሶው አዳራሽ ውስጥ ነበር። አስከሬኗ ወደ ሆሳዕና የሚሄድበት ነገር ሁሉ ተሟልቷል፤ በዚህ ነገር የእኛ ሰው አይታማም። ጎጎ ታንዲ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም ተነሡ አላላቸውም። አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ «ምስኪን እህታችን፣ በዚህ ምድር ምንም ሳታይ፣ ምንም ሳይኖራት ሄደች» አለ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ተነሣሁ። ማይክሮፎኑን እንዲሰጡኝ አልጠበቅኩም፤ ድምፄ ያለ ሽቦም ይሰማል።

«ማን ነው ምስኪን?» አልኩ። «ይህች ሴት ዓለም እብድ ያለውን ሰው ይዛ፣ ከየት እንደመጣ አሳይታ፣ ሰው ያደረገች ናት። እዚህ አዳራሽ ያለነው ሁላችን እሱ ነን። ፍርግርግ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የምትውሉትን ሰዎች አንድ ሰው ሥሎ ለዓለም ያሳየበት ጊዜ ካለ ንገሩኝና እቀመጣለሁ።»

እኔም ወዲያው አልተቀመጥኩም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ማርቆስ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ጠዋት ነበር። ከትልቁ ገጽ ሌላ መልእክት ደርሷል። መሞቷን ሰምተዋል፣ አዝነዋል። ለመታሰቢያዋ ጌሙን ከሁሉም በላይ ሊያወጡት ነው፤ ዋናውን ፋይል ብንልክላቸው የሰዓቱን ስሕተት ራሳቸው ያርሙታል።

ማርቆስ ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሼ፣ ይቀይሩት» አለኝ። «እሷ የለችም። ስሟ እንኳ ይታይ። ሌላ ምን ቀረኝ?»

እውነቱን ነው። የጠየቀው ትንሽ ነገር ነው፤ የጠየቀውም ወንድሟ ነው። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቦታውን አገኘሁት፤ አንድ መስመር ነው፣ አንድ ቁጥር ነው፣ ለእኔ የሰከንድ ሥራ ነው። ጣቴን ላዩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሰዓቱን ነካ ባደርገው መቶ ሺህ ሰው ስሟን ያያል። ያ ሰው የሚያየው ስም ግን የማን ይሆናል? በእያንዳንዱ ድንበር ላይ እምቢ ብሎ ረጅሙን መንገድ የሄደ ሰው፣ ሞቶ እምቢ ማለት ሲያቅተው ሰዓቱን ያስተካክሉለት?

«ማርቆስ» አልኩት፣ «እህትህ ቀጥ ያለ ነገር ትታ ነው የሄደችው። አልነካውም። አንተ ልላከው ካልክ የእህትህ ነው፣ ላፕቶፑን ይዘህ ሂድና ላክ። በእኔ እጅ ግን አይሆንም።»

አልሄደም። ወንበሩ ላይ፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ላይ ተቀመጠ። ጌሙን ተጫውቶት አያውቅም ነበር፤ መጫወቻ ነበር የሚለው። ከፈትኩለት። ወጣቱ ሰዓቱን ታቅፎ ከቤቱ ወጣ። ማርቆስ የመጀመሪያው ድንበር ላይ ደርሶ «አስተካክል» ሲሉት እሺ የሚለውን ተጫነ፤ ወጣቱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እሺ አለና ሰዓቱን ሳይነካ በጫካው ዞረ። ማርቆስ በአንድ ጊዜ ሣቀም አለቀሰም። «እሷ እኮ ናት» አለ። «ልክ እንደዚህ ነበር የምታደርገኝ።»

እሱ ሲጫወት እኔ መልሱን ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬ የራሴ ነው፣ ማንም አላረመውም፦ ሰዓቱ ትክክል ነው። እኔ ጠጋኝ ነኝ፤ ያልተበላሸ ነገር አልጠግንም። ሙላቱ፣ ጆሃንስበርግ።

ከሁሉም በላይ አላወጡትም። ከታች፣ ከብዙ ሥራዎች መካከል አስቀምጠውታል፤ አጠገቡም «ማስጠንቀቂያ፦ የጌሙ ሰዓት አይሠራም» ብለው ጽፈዋል። ይጻፉ። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ስከፍት ገብቼ አየዋለሁ። ሰው እየወረደ፣ እየፈለገ ያገኘዋል። ባለፈው አንድ የማላውቀው ሰው ከማላውቀው አገር «ሁለቱንም ጌም ጨረስኩ፤ ሽማግሌውን ካሁን በኋላ መግደል አልችልም» ብሎ ጽፎ አየሁ። ለማርቆስ አሳየሁት።

ማርቆስ አሁን ዕቃ ሊገዛ ከተማ በመጣ ቁጥር እኔ ጋ ጎራ ይላል። በቀደም ጠዋት ቁጭ ብለን ሳለ ያቺ የአሌክሳንድራዋ ደንበኛዬ መጣች፤ ያው ሬዲዮ እንደገና ጠፍቶባት። ግድግዳውን ቀና ብላ አየች።

«ባባ፣ ሰዓትህ አሁንም ሞቷል።»

አፌን ከፈትኩ። ማርቆስ ቀደመኝ።

«አልሞተም እማማ» አላት። «ሦስት ሰዓት ነው።»